የጉዞው ኦብጀክት ወደ ጄሰን አልገባ ሲል

ጥያቄ፦ «ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ደቅ ለሚሄዱ ጀልባዎች የትኬት መመዝገቢያ በፓይተን እየሠራሁ ነው። ‹ጀልባ› እና ‹ጉዞ› የሚባሉ ክላሶች አሉኝ። ጉዞውን ወደ ጄሰን (መረጃ በጽሑፍ የሚቀመጥበት ቅርጽ) ልቀይር ስል ‹ታይፕ ኤረር› (የዓይነት ስህተት) ይሰጠኛል። የኦብጀክቱን መስኮች በሚያወጣው በ‹ቫርስ› ስሞክር ደግሞ የመነሻ ሰዓቱ ላይ ይቆማል። ሰዓቱን አውጥቼ ስሞክረው ሠራ፤ ግን ‹ዘጌ› የሚለው ስም የቁጥርና የፊደል ድብልቅ ሆኖ ወጣ።»

መልስ፦ የመጨረሻው ቀላል ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ወደ ጄሰን ጽሑፍ የሚቀይረው «ደምፕስ» ካልነገሩት በስተቀር ከአስኪ (ከእንግሊዝኛ ፊደላትና ከተለመዱ ምልክቶች) ውጭ ያለውን ፊደል ሁሉ በኮድ ይተካል፤ አንዱ የግዕዝ ፊደል 6 ምልክት ይሆናል። ስለዚህ «ዘጌ» 12 ምልክት ይፈጃል፤ የዓለምን ፊደላት ሁሉ በሚጽፈው በዩቲኤፍ-8 ግን 6 ባይት ይበቃዋል። ስሙ አልጠፋም፤ ፋይሉን በጄሰን መልሰው ሲያነቡት እንደነበረ ይመጣል። በዓይን እንዲነበብ ከፈለጉ «ኢንሹር አስኪ» የሚለውን «ፎልስ» ያድርጉት፤ ፋይሉን ሲከፍቱም ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ይጻፉ። ይህን ሁለተኛውን ከረሱ ዊንዶውስ ላይ ሲጻፍ ኤረር ሊመጣ ይችላል።

ወደ ዋናው ችግር እንሂድ። የጄሰን ሞጁሉ የሚያውቀው ዲክት (የቁልፍና የዋጋ ጥንዶች)፣ ሊስት (ዝርዝር)፣ ተፕል (የማይለወጥ ዝርዝር)፣ ስትሪንግ፣ ቁጥር፣ ትሩና ፎልስ፣ እንዲሁም ነንን (ባዶ ዋጋን) ብቻ ነው። እርስዎ ከፈጠሩት ክላስ ምን ማውጣት እንዳለበት አያውቅምና ይቆማል። «ቫርስ» የላይኛውን ሽፋን ብቻ ገልጦ ዴትታይሙን (የመነሻ ሰዓቱን የያዘውን ኦብጀክት) እንዳለ ይተወዋል። ከዚያ የባሰው ግን ያለ ምርጫ ሁሉንም ማውጣቱ ነው፤ የተሳፋሪው ስልክ ቁጥር በኦብጀክቱ ላይ ካለ እሱም ፋይሉ ውስጥ ይገባል። በዚህ ምክንያት አልመክረውም።

ለእያንዳንዱ ክላስ «ወደ_ዲክት» የሚል ሜተድ ይጻፉለት (ፓይተን 3 በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ይቀበላል)። መውጣት ያለባቸውን መስኮች ብቻ መርጦ በዲክት ይመልስ። ቀጥሎ አንድ ፋንክሽን አዘጋጅተው ለ«ደምፕስ» በ«ዲፎልት» በኩል ይስጡት፤ «ደምፕስ» የማያውቀው ነገር ሲደርሰው ይጠራዋል፤ ስሙን ብቻ ነው የሚሰጡት፣ ቅንፍ አይከተለውም። ፋንክሽኑ ዴትታይም ሲደርሰው ሰዓቱን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን «አይሶፎርማት» ይጥራ፤ የትኬት ዋጋውን በዴሲማል (አስርዮሹን ሳያዛባ በሚይዘው የቁጥር ዓይነት) ከያዙት ወደ ፍሎት ሳይሆን ወደ ስትሪንግ ይቀይረው፤ «ወደ_ዲክት» ያለውን ኦብጀክት በራሱ ሜተድ ያስተናግድ። ከእነዚህ ውጭ የሆነ ነገር ከመጣ ራሱ ታይፕ ኤረር ያንሳ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህችን የመጨረሻ መስመር ነው። ከሌለች ፋንክሽኑ ነን ይመልስና ፋይሉ ላይ «ነል» (የጄሰን ባዶ ዋጋ) ይጻፋል፤ መረጃው ጠፍቶ እያለ ፕሮግራሙ ምንም አይናገርም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ጠዋት 2 ሰዓት የሚነሳ ጀልባ 08:00 ተብሎ ከኢትዮጵያ የሰዓት ቀጠና ከ+03:00 ጋር ይቀመጥ። ወደ እኛ አቆጣጠር መቀየሩን ለስክሪኑ ይተዉት፤ ፋይሉ ውስጥ ሁለቱ ከተቀላቀሉ የትኛው 2 ሰዓት እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ጉዞው ጀልባውን ከያዘ፣ ጀልባውም የጉዞዎቹን ሊስት ከያዘ እርስ በርስ ይዞራሉና «ቫልዩ ኤረር» ይመጣል። በጉዞው ዲክት ውስጥ የጀልባውን መለያ ቁጥር ብቻ ያስገቡ።

ወንበሮቹን በቁጥር ቁልፍ በዲክት ይዘው ከሆነም ይጠንቀቁ፤ ጄሰን ውስጥ ቁልፍ ሁሉ ስትሪንግ ነው። 7 ብለው ያስገቡት «7» ሆኖ ይመለሳል፣ በቁጥር ሲፈልጉትም አያገኙትም። ተፕል ቁልፍ ጭራሽ አይሆንም፤ «ዲፎልት» ለቁልፍ አይጠራምና አያድንዎትም።

ጄሰኑን መልሶ የሚያነበው «ሎድስ» የሚመልስልዎ ዲክት እንጂ «ጉዞ» አይደለም። ስለዚህ ከዲክት ኦብጀክት የሚሠራ ክላስ ሜተድ «ከ_ዲክት» ብለው ይጨምሩ፤ ሰዓቱን በ«ፍሮም አይሶፎርማት» ይመልስ። ከዚያ አንድ ጉዞ ጽፈው፣ አንብበው፣ የፊቱንና የኋላውን «ወደ_ዲክት» ያወዳድሩ። ኦብጀክቶቹን በቀጥታ አያወዳድሩ፤ ክላሱ ዳታክላስ (ፓይተን የእኩልነት ሜተዱን ራሱ የሚጽፍለት ክላስ) ካልሆነና እርስዎም የእኩልነት ሜተድ ካልጻፉለት መረጃቸው አንድ ሆኖም «ፎልስ» ይልዎታል።