የታዋቂ ሰው የነበረ ስፖርት መኪና ለመግዛት ለምታስቡ፦ ጥያቄና መልስ

ላለፉት 19 ዓመታት በቨርጂኒያ የጣሊያንና የጀርመን ስፖርት መኪናዎችን ስጠግን ቆይቼ፣ አሁን ገዢዎች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት መኪናውን በመመርመር ሥራ ላይ እገኛለሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት የቡድናችን አባላት ስለ ዝነኞች መኪና ስለ ጠየቁኝ፣ ለሁሉም በአንድነት ለመመለስ ወስኛለሁ። አስቀድሜ የምናገረው አንድ ነገር አለ፤ የሻንሲ ቁጥሩን (ፋብሪካው ለእያንዳንዱ መኪና የሚሰጠውን መለያ ቁጥር) በዓይናችሁ አይታችሁ ከታይትሉ (ከባለቤትነት ማረጋገጫው ወረቀት) ጋር ሳታመሳክሩ አንድ ዶላር እንኳ አትላኩ።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ጋሼ፣ ሻጩ ፌራሪ ኤፍ430ው የአንድ ታዋቂ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች እንደነበረ ነግሮኛል። ተጫዋቹ ከመኪናው ጋር የተነሣውን ፎቶግራፍም ልኮልኛል። በቂ ማስረጃ ነው?

መልስ፦ በቂ አይደለም። ፎቶግራፉ የሚያስረዳው ሰውየው አንድ ቀን ከመኪናው አጠገብ መቆሙን ብቻ ነው። ዝነኞች ብዙውን ጊዜ መኪና የሚያስመዘግቡት በራሳቸው ስም ሳይሆን በኩባንያ ስም ስለሆነ፣ ታይትሉ ላይ ስማቸውን ባታገኙት አይግረማችሁ፤ ነገር ግን ኩባንያው የእርሳቸው መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት፣ የመጀመሪያው የሽያጭ ደረሰኝ፣ እንዲሁም የሻንሲ ቁጥሩ የተጻፈባቸው የጋራዥ ደረሰኞች መኖር አለባቸው።

የኤልቪስ ፕሪስሊን ቢኤምደብሊው 507 እንደ ምሳሌ ውሰዱ። ኤልቪስ በጀርመን ወታደር ሳለ የያዘው ይህ ነጭ መኪና፣ ልጃገረዶች በከንፈር ቀለም መልእክት እየጻፉበት ስላስቸገሩት ቀይ አስቀባው። መኪናው ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ የራሱ ሞተር ወጥቶ የሼቭሮሌት ሞተር ገባበት፣ ከእጅ ወደ እጅም ሲተላለፍ ቆይቶ በመጨረሻ በካሊፎርኒያ ዱባ ይከማችበት በነበረ መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ተቀመጠ። ቀለሙ ተለውጧል፣ ሞተሩ የለም፣ ታዋቂው ባለቤትም ካለፈ ቆይቷል፤ የመኪናውን ማንነት ያረጋገጠው ግን 70079 የሚለው የሻንሲ ቁጥር ነው። ፋብሪካው ሁለት ዓመት ፈጅቶ ካደሰውና መልሶ ነጭ ከቀባው በኋላ በነሐሴ 2016 እ.ኤ.አ. በፔብል ቢች ለሕዝብ ያሳየው ይህን ቁጥር ይዞ ነው።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ የታዋቂው ሰው ስም በዋጋው ላይ ምን ያህል ይጨምራል?

መልስ፦ ወጥ የሆነ መለኪያ የለም፤ ስሙ ግን የመኪናውን ሁኔታ እንደማይተካ በቁጥር ማሳየት እችላለሁ። በጥር 2020 እ.ኤ.አ. በስኮትስዴል፣ አሪዞና፣ የሟቹ ተዋናይ የፖል ዎከር መኪናዎች ለጨረታ ሲቀርቡ በመካከላቸው የ1995 ሞዴል ቢኤምደብሊው ኤም3 ላይትዌይት አምስት ነበሩ። ከአምስቱ ጥቂት ማይል የሮጠው 385,000 ዶላር ሲያወጣ፣ ሌሎቹ አራቱ ከ260,000 ዶላር በታች ተሸጡ። ባለቤቱ አንድ፣ ሞዴሉ አንድ፣ ጨረታውም አንድ ሆኖ ሳለ፣ ከ100,000 ዶላር በላይ የሆነውን ልዩነት በዋናነት ያመጣው የመኪናው ሁኔታ ነው።

ስሙ እውነት ሆኖ መኪናው አጠያያቂ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ኮሜዲያኑ ጄሪ ሳይንፌልድ በ2016 እ.ኤ.አ. በአሚሊያ አይላንድ ጨረታ የሸጠው የ1958 ሞዴል ፖርሽ ስፒድስተር 1.54 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። በ2019 ግን ገዢው ኩባንያ መኪናው እንደተባለው ትክክለኛ አይደለም ብሎ ሻጩን ከሰሰ፤ ሳይንፌልድም በበኩሉ መኪናውን ለእርሱ የሸጠለትን ነጋዴ ከሰሰ። መኪናው የሳይንፌልድ ስለመሆኑ ማንም አልተከራከረም፤ ክርክሩ የተነሣው በመኪናው ማንነት ላይ ነበር።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ እኔም መግዛት አስቤአለሁ። የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ መስጠት አልችልም። ሞዴሉን፣ ዓመቱን፣ የሮጠውን ማይልና ያለዎትን ገንዘብ ጽፈው ይመለሱ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ያየሁት ፌራሪ ኤፍ355 የአንድ ዘፋኝ ነበር፤ የሮጠው 6,000 ማይል ብቻ ነው። ማይሉ ማነሱ ትልቅ ጥቅም አይደለም?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ስለጠየቁ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነውና። አሥር መኪና ያለው ሰው አንዱን በዓመት ሁለት ጊዜ ቢያስነሣው ነው፤ የቆመ መኪና ደግሞ ከሚነዳው ባልተናነሰ ይጎዳል። ጎሚኒው ይደርቃል፣ ቤንዚኑ ይበላሻል፣ የፍሬን ዘይቱ እርጥበት ይስባል። የኤፍ355 የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስተባብረው ቀበቶ) ማይሉ ቢያንስም በየጥቂት ዓመቱ መቀየር ያለበት ሲሆን፣ ይህን ለመሥራት ሞተሩ ከነእቃው ከመኪናው መውረድ አለበት። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉና፣ መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ ገና እንዳልተቀየረ ቆጥረው ወጪውን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ።

ኤፍ430 የሚገዙ ሰዎች የቺንጋ ስጋት የለባቸውም፤ ሞተሩ የሚሠራው በሰንሰለት ነው። በእርሱ ላይ የሚመረመረው ሌላ ነው። ማርሹ ኤፍ1 የሚባለው (ያለ ፍሪሲዮን ፔዳል የሚቀየረው) ዓይነት ከሆነ የፍሪሲዮኑ ቀሪ ዕድሜ በኮምፒውተር ስለሚነበብ፣ ሻጩ ንባቡን በወረቀት ይስጣችሁ። የጭስ መውጫ ማኒፎልዱም መሰንጠቅ ይወዳል።

ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛዬ ገንዘቡን ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ቢጫ ኤፍ355 አመጣልኝ። ጎማዎቹ ጥርሳቸው አልተነካም፣ ጥቁረታቸውም ያበራል። ጎንበስ ብዬ ጎናቸውን በባትሪ ሳበራ 1104 የሚል ቁጥር አነበብኩ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በ11ኛው ሳምንት የተሠሩ፣ በዚያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላቸው ነበሩ። በጥፍሬ ጫን ስል ላስቲኩ እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጠቀ። በእነዚያ ጎማዎች ከሜሪላንድ ድረስ በአውራ ጎዳና ነድቶ መምጣቱን ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል።

ጥያቄ (ከሎስ አንጀለስ)፦ አደጋ የደረሰበትን መግዛት ፈጽሞ ክልክል ነው?

መልስ፦ ጥገናው በሰነድ ከተያዘ ክልክል አይደለም። ተዋናዩ ሮዋን አትኪንሰን ማክላረን ኤፍ1 መኪናውን ሁለት ጊዜ አጋጭቶታል፤ ከ2011ዱ አደጋ በኋላ ኢንሹራንሱ ለጥገና 910,000 ፓውንድ ገደማ ከፍሏል። በ1997 በ640,000 ፓውንድ የገዛውን ይህን መኪና በ2015 ሲሸጠው ግን ወደ 8 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥቷል። ጥገናውን የሠሩት የፋብሪካው ሰዎች ስለነበሩ እያንዳንዱ ሥራ ተመዝግቧል። ስቱኮ ተለድፎበት በቀለም የተሸፈነ ላሜራ ግን ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

አባል ከቶሮንቶ፦ የኤልቪስን መኪና መልሶ ነጭ መቀባት ስሕተት ይመስለኛል። ታሪኩ ያለው ቀዩ ቀለም ላይ ነበር።

አባል ከለንደን፦ አልስማማም። ኤልቪስ ሲረከበው ነጭ ነበር። የዘፋኟን የጃኒስ ጆፕሊንን ፖርሽ 356 ተመልከት፤ በሥዕል ያሸበረቀው የመጀመሪያው ቀለም ተነሥቶ፣ በኋላ እንደገና ተሥሎ ነው በ2015 እ.ኤ.አ. 1.76 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው።

አባል ከቶሮንቶ፦ የእርስዎ ምሳሌ እኔን ነው የሚደግፈው። ቤተሰቡ ሥዕሉን ያስመለሰው ታሪኩ እዚያ ላይ መሆኑን ስላወቀ ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ስለ ቀለም ስትከራከሩ ጠያቂዎች እየጠበቁ ነው። ለገዢ የሚጠቅመው ይህ ብቻ ነው፦ ዝነኛው ያደረገውን ለውጥ ከማጥፋታችሁ በፊት በፎቶግራፍና በጽሑፍ መዝግቡ፤ የጠፋውን መመለስ ውድ ነው።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ የእኔ ሻጭም ፎቶግራፍ ልኮልኛል፤ በተጨማሪም በዳሽቦርዱ ላይ የዝነኛው ፊርማ አለ። ይበቃል?

መልስ፦ ከላይ ለዳላሱ ጠያቂ የመለስኩትን ያንብቡ። ፊርማ የሻንሲ ቁጥር አይደለም። የሻንሲ ቁጥሩን ከታይትሉ ጋር ሳያመሳክሩ ገንዘብ አይላኩ።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ በጨረታ ብገዛ ከጠራሁት ዋጋ በላይ እከፍላለሁ? ግብሩስ?

መልስ፦ አዎን፤ አጫራቹ ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከገዢው ይወስዳል። 250,000 ዶላር ጠርተው ቢያሸንፉ ቢያንስ 275,000 ያዘጋጁ። ስለ ግብር የሒሳብ ባለሙያ ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እንዲህ ያለውን መኪና ወደ አገር ቤት ማስገባት ይቻላል?

መልስ፦ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ በዚህ ሐሳብ አይግዙ።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ጋሼ፣ እንዳሉኝ ሄጄ የሻንሲ ቁጥሩን አየሁት። ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው በ8 ያልቃል፤ ታይትሉም እንደዚያው ነው። በበሩ ጠርዝ ላይ ያለው ተለጣፊ ግን በ3 ያልቃል። ሻጩ የጽሕፈት ስሕተት ነው አለኝ፤ እስከ ሐሙስ ቀብድ ካልላክሁ ለሌላ እንደሚሸጠው ነግሮኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀብዱን አትላክ። ፋብሪካ በተለጣፊው ላይ የጽሕፈት ስሕተት ይሠራል ብዬ አላምንም፤ በሩ ከሌላ መኪና የመጣ ይመስለኛል፤ ያም ከሆነ መኪናው ከጎን ተመትቷል ማለት ነው። የቀለም ውፍረት መለኪያ ያለው ጋራዥ ይዘህ በሩን፣ ከበሩ በኋላ ያለውንና ከሥር ያለውን ላሜራ አስለካ፤ የሁለቱንም ቁጥሮች ፎቶግራፍ ዛሬ ማታ ላክልኝ። ሻጩ ማስለካቱን ከከለከለህ ሐሙስን ሳትጠብቅ ተወው።