ሕግ በ138 ድምፅ? የጌም ሠሪዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከምንመልሳቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ የአንድ ቡድን ናቸው። አራት ኪሎ አካባቢ የሚሠራ፣ አምስት አባላት ያሉት አነስተኛ ስቱዲዮ ሁለት የፖለቲካ ጌሞችን ጎን ለጎን እያዘጋጀ ነው። በአንደኛው ተጫዋቹ ጥምር መንግሥት መሥርቶ አምስት ዓመት ለመዝለቅ ይሞክራል፤ በሌላኛው ከንቲባ ሆኖ ከተማ ያስተዳድራል። አገሩና ፓርቲዎቹ ፈጠራ ናቸው፤ የመንግሥት አሠራሩ ግን ከኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የተቀዳ ነው። ሌሎቹ ሁለት ጥያቄዎች ከፒያሳና ከሜክሲኮ የመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ በጥምር መንግሥቱ ጌም ምክር ቤቱ 547 መቀመጫ አለው። ሕግ እንዲጸድቅ 274 ድምፅ ያስፈልጋል ብለን ሠራነው። ጌሙን የሚሞክሩልን የስድስት ኪሎ የሕግ ተማሪዎች «እንዲህ አይደለም» ይሉናል። የቱ ጋ ነው የሳትነው? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ልጆቹ ልክ ናቸው። ሁለት ቁጥሮችን አንድ አድርጋችኋቸዋል። 274 የስብሰባው ቁጥር ነው፤ በአንቀጽ 58 መሠረት ምልዓተ ጉባኤ የሚሟላው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲገኙ ነው። ልዩ ድንጋጌ ከሌለ ግን ውሳኔ የሚያልፈው ተገኝተው ድምፅ ከሰጡት በአብላጫው ነው። ስለዚህ 274 ሰው ብቻ በተገኘበትና ሁሉም ድምፅ በሰጠበት ቀን ሕጉ በ138 ድጋፍ ያልፋል። ድምፀ ተአቅቦ ካለ ደግሞ ከዚያም ባነሰ።

ይህን ካስተካከላችሁ ጌሙ ሌላ ጌም ይሆናል። ለምሳሌ ጥምረቱ 290 መቀመጫ ቢኖረውና ከትንሹ አጋር ፓርቲ 20 ሰው «አሞኛል» ብሎ ቢቀር፣ በአዳራሹ የሚቀሩት 270 ናቸው። ተቃዋሚው ያን ቀን ተነሥቶ ከወጣ ስብሰባው አይካሄድም። አንድም የተቃውሞ ድምፅ ሳይሰጥ በጀቱ ቆመ ማለት ነው። በአሁኑ አሠራራችሁ የትንሹ ፓርቲ መሪ ደብዳቤ የሚጽፍ ጌጥ ብቻ ነው፤ መቅረት ሲፈቀድለት ግን ተጫዋቹ ስልኩን አንሥቶ ሊለምነው ይገደዳል።

ኮዱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኮዱ በሚጻፍበት በሲ ሻርፕ ቋንቋ 547ን በሙሉ ቁጥር ለ2 ስታካፍሉ 273 ይሰጣችኋል። «273ና ከዚያ በላይ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ምልዓተ ጉባኤው በአንድ ሰው ጎድሎ ይሟላል። ማካፈሉን ተዉትና የተገኙትን በ2 አባዝታችሁ ከ547 መብለጡን አረጋግጡ። ሁለት ሦስተኛም እንዲሁ ነው፤ ድምፁን በ3፣ መቀመጫውን በ2 አባዙና አወዳድሩ። ትክክለኛው መልስ 365 ነው፤ 364 ካሳያችሁ ቀመሩ ተሳስቷል።

የጊዜ ገደቦቹንም እንዳሉ ውሰዷቸው፤ በሕግ የተጻፈ የጊዜ ገደብ ለጌም ሠሪ ያለቀለት ሥራ ነው። ፕሬዚዳንቱ የጸደቀን ሕግ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙ ሕጉ ያለ ፊርማቸው ይጸናል፤ ስለዚህ «ውድቅ አድርግ» የሚለውን የፕሬዚዳንት ቁልፍ አንሡት። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምክር ቤቱ ሥራ ላይ ካለ በ48 ሰዓት፣ ከሌለ በ15 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፤ የሚጸናው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሆኖ ዕድሜው እስከ ስድስት ወር ነው፤ ከዚያ በየአራት ወሩ ይታደሳል። ምክር ቤቱ ከተበተነ በስድስት ወር ውስጥ ምርጫ ይደረጋል፤ እስከዚያ የሚቆየው መንግሥት የዕለት ተዕለት ሥራ ከመሥራትና ምርጫ ከማዘጋጀት በቀር አዲስ ሕግ ማውጣትም ነባሩን ማሻሻልም አይችልም። በዚያ ጊዜ የሕግ ካርዶቹን በሙሉ ቆልፏቸው። መበተን ለተጫዋቹ ዋጋ የሚኖረው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ጌሙ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲሄድ እንፈልጋለን። ጌሙን በምንሠራበት ሶፍትዌር፣ ዩኒቲ ላይ፣ የተዘጋጀ ነገር አጣን፤ በጎርጎርዮስ አስልተን ስናሳይ ደግሞ ቀኖቹ ይዛባሉ። (ከዚያው ቡድን)

መልስ፦ ዶት ኔት (የሲ ሻርፕ ኮድ የሚሠራበት ማዕቀፍ) የፋርስም የዕብራይስጥም የታይላንድም የቀን መቁጠሪያ አለው፤ የኛ የለውም። መሥራቱ ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቀኑን በዓመት፣ በወርና በቀን ከፋፍላችሁ አትያዙት፤ አንድ ተራ ቁጥር ብቻ አስቀምጡና ስክሪን ላይ ሲወጣ ተርጉሙት። ተራ ቁጥሩ እንዲህ ይገኛል፦ ከዓመተ ምሕረቱ 1 ቀንሳችሁ በ365 አባዙ፤ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍላችሁ ሙሉውን ቁጥር ብቻ ደምሩ፤ ከወሩ 1 ቀንሳችሁ በ30 አባዝታችሁ ደምሩ፤ በመጨረሻ ቀኑን ደምሩ። መስከረም 26 ቀን 2018 ሲሰላ 736,205 ሲደመር 504 ሲደመር 26፣ በድምሩ 736,735 ይሆናል።

ይህን ቁጥር ለ7 ስታካፍሉ 6 ይቀራል። ቀሪው 6 የሆነ ቀን ሁሉ ሰኞ ነው። ጥቅሙ ምንድነው ብትሉ፣ ምክር ቤቱ የዓመት ሥራውን የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ስለሆነ ነው። ከመስከረም 30 ተነሥታችሁ ቀሪው 6 እስኪሆን ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ በ2018 መስከረም 26 ላይ፣ በ2016 ደግሞ መስከረም 28 ላይ ያደርሳችኋል። መዝጊያው ሰኔ 30 ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር በጌሙ ውስጥ ትልቁ ጭንቀት የሚወድቀው እዚያው ሰኔ ላይ ነው።

ጳጉሜን ተጠንቀቁ። ጌሙ ወር በገባ ቁጥር ግብር የሚሰበስብ ከሆነ በዓመት 13 ጊዜ ይሰበስባል፤ ገቢያችሁም ከታቀደው ስምንት በመቶ ያህል ይበልጣል። ብዙ ጊዜ «ጌሙ ቀለለ» ተብሎ ሌላ ሌላ ቦታ የሚፈለገው ጥፋት ይኸው ነው። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አንድ የሒሳብ ወር አድርጉት። ጳጉሜ 6 ቀን የምትሆነው ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 ሲቀር ነው፤ 2015 እንዲያ ነበር፣ ቀጣዩ 2019 ነው።

ጥያቄ፦ የከንቲባው ጌም ሦስተኛው ዓመት ላይ ይበላሻል። የሕዝብ ድጋፍ ወይ 100 ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ወይ ዜሮ ይገባል። (ከዚያው ቡድን)

መልስ፦ ከላካችሁት ሠንጠረዥ እንደሚታየው ድጋፍ ሲጨምር ሰው ግብር በወቅቱ ይከፍላል፤ ግብሩ መንገድ ይሠራል፤ መንገዱ ድጋፍ ይጨምራል። ክቡ ፍሬን የለውም። በ0 እና በ100 መካከል ማጠራችሁ ደግሞ በሽታውን ሸፈነው እንጂ አላዳነውም።

ሁለት ነገር ጨምሩ። አንደኛው መዘግየት ነው። በየወሩ ድጋፍ አሁን ካለበትና ሊደርስበት ከሚገባው ልዩነት 10 በመቶውን ብቻ ይራመድ። እንዲህ ሲሆን በስድስት ወር የልዩነቱ 47 በመቶ፣ በዓመት 72 በመቶ ያህል ይሸፈናል። ምርጫ ሊደርስ ሦስት ወር ሲቀረው አስፋልት ማንጠፍ ብዙም አያዋጣም ማለት ነው፤ ተጫዋቹም ቶሎ ይነቃበታል። ሁለተኛው የሚጠበቅ ደረጃ ነው። ድጋፍን ከአገልግሎቱ መጠን ጋር አታያይዙት፤ አገልግሎቱ ሰው ከለመደው በምን ያህል እንደሚበልጥ አስሉ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ያገኝ የነበረ ሰፈር አራት ቀን ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ ዓመት ሲሞላው አራቱን ቀን እንደ መብቱ ይቆጥራል፣ አንዱ ቀን ከቀረበት ደግሞ ከንቲባው ወዮለት። ክቡን የሚሰብረው ይኸኛው ነው።

ከዚያ ሌሊት ላይ ጌሙን ያለ ስዕል 1,000 ጊዜ ራሱን እንዲጫወት አድርጉት፤ ውሳኔዎቹ በዘፈቀደ ይሁኑ። የእያንዳንዱን ዙር መነሻ የዘፈቀደ ቁጥር ከውጤቱ ጋር መዝግቡ፤ አለበለዚያ የተበላሸውን ዙር መልሳችሁ ማየት አትችሉም። በዘፈቀደ የሚወስን ከንቲባ ከግማሽ በላይ ጊዜ የሥልጣን ዘመኑን ከጨረሰ ጌሙ በጣም ቀሏል። አንድ ውሳኔ አሸናፊዎቹ ሁሉ ጋ ካለ ዋጋው ረክሷል። ውጤቱን እያንዳንዱ ዙር ባለቀ ቁጥር ፋይል ላይ ጻፉት፤ መብራት የሚጠፋው ሁሌም 900ኛው ዙር ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የአማርኛው ጽሑፍ በካሬ ሳጥን ይሞላል። ሳጥኑ ሲስተካከል ደግሞ «ሚኒስትርኡ» ዓይነት ቃል ይወጣል። (ከፒያሳ)

መልስ፦ ሳጥኑ የፎንት ጉዳይ ነው፤ ከዩኒቲ ጋር የሚመጣው ፎንት ፊደላችን የለበትም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ፈቃድ የሚሰራጭ ስለሆነ ከጌሙ ጋር ማሸግ ይቻላል። የማይክሮሶፍትን ኒያላ ፎንት ኮምፒውተርዎ ላይ ስላለ ብቻ አያሽጉት። የኢትዮጵያ ፊደል ዋናው የዩኒኮድ ክፍል 384 ቦታ አለው፤ ሙሉውን ይጫኑ፣ የፎንት አትላሱም (ፊደሎቹ ተሰብስበው የሚቀመጡበት ስዕል) 2048 በ2048 ፒክስል ይሁን። በግማሹ ከሠሩት ትንንሾቹ ቅጥያዎች ይደበዝዙና በርካሽ ስልክ ላይ ፊደሎቹ አይለዩም።

ሁለተኛው ችግር ስምና ቅጥያን በኮድ ከመገጣጠም የመጣ ነው። በአማርኛ ቅጥያው የመጨረሻውን ፊደል ይለውጠዋል፤ ሚኒስትር፣ ሚኒስትሩ፣ ሚኒስትሮች። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስም ሦስቱንም ቅርጽ ሠንጠረዥ ውስጥ ይጻፉ። ለግሱ አቋራጭ አለ፦ በዜና አርዕስት ላይ ለባለሥልጣን ሁልጊዜ በአክብሮት ይጻፉ። «ሥልጣን ለቀቁ» ለወንድም ለሴትም ይሠራል። የሠልፈኛ መፈክር ላይ ግን አክብሮት ስለማይታሰብ ጾታውን መለየት ግዴታ ይሆንብዎታል።

ጥያቄ፦ ያሉትን ፓርቲዎችና ባለሥልጣናት በስማቸው ብናስገባ ምን ችግር አለው? (ከሜክሲኮ)

መልስ፦ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ይከለክላል፤ ለፖለቲካ ትችትና ለኪነ ጥበብ ሥራ ደግሞ ቦታ ትቷል። ስም ማንሣት በራሱ ወንጀል አይደለም። በጌም ላይ አደጋው የሚመጣው ሠሪው ከጻፈው ይልቅ ተጫዋቹ ከሚጽፈው ነው፤ ፓርቲውን ራሱ ሰይሞ፣ መፈክር ጽፎ ለሌላ ያጋራል። ስለዚህ ነፃ የጽሑፍ ሳጥን አታስገቡ፤ ስሞችን ከዝርዝር ይምረጥ። ብሔርንም ጥቅም ወይም ጉዳት የሚያስገኝ ነጥብ አታድርጉት፤ የሚጋጩትን ወገኖች በሥራቸውና በኑሯቸው ለዩአቸው፤ ነጋዴ፣ ተከራይ፣ የታክሲ ሾፌር፣ የመንግሥት ሠራተኛ። የምርጫ ውጤት የሚታይበት ገጽ ሁሉ ላይ የጌሙ ስም በጉልህ ይጻፍ፤ ስክሪንሾቱ ተቆርጦ ቴሌግራም ላይ እንደ ዜና መዞሩ አይቀርም። እኛን ብትጠይቁ ፈጠራ አገር ይሻላል። እውነተኛ ስም የገባበት ጌም በአንድ ሹመት ሽረት ያረጃል። ከመልቀቃችሁ በፊት ግን ጠበቃ ይየው።

ጥያቄ፦ ሁለቱንም ጌም ባንድ ላይ ማስኬድ ከበደን። የቱን እናስቀድም? ሥራው የደረሰበትን ለሕዝብ መቼ እናሳይ? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ጥምር መንግሥቱን። ሕጉ ተጽፎ ያለቀ ነው፤ ነጋሪት ጋዜጣውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አንቀጽ በአንቀጽ መሥራት ትችላላችሁ። የከንቲባው ገና ሚዛን ይፈልጋል፤ ሚዛን ደግሞ መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም።

የምታሳዩት ሰው ተጫውቶ የሚጨርሰው አንድ ቁራጭ ይሁን፤ ከግንቦት 1 እስከ ሰኔ 30፣ በጀቱን ማስጸደቅ ብቻ፣ 25 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የሕንፃና የፊት ስዕል እያፈራረቁ መለጠፍ ስለ ፖለቲካ ጌም ምንም አይናገርም። ስቲም (የኮምፒውተር ጌሞች የሚሸጡበት የኢንተርኔት መደብር) በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በየካቲት፣ በሰኔና በጥቅምት ግድም፣ ለመጪ ጌሞች የሙከራ ሳምንት ያዘጋጃል፤ አንድ ጌም መሳተፍ የሚችለው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጥሬውን ይዛችሁ ገብታችሁ ዕድሉን አታባክኑት፤ መልቀቂያው ሲቃረብ ተጠቀሙበት።

ለስቲም በእያንዳንዱ ጌም 100 ዶላር ይከፈላል፤ ከክፍያው እስከ መልቀቂያው ቢያንስ 30 ቀን፣ የመደብር ገጹም ቢያንስ ሁለት ሳምንት በይፋ መቆየት አለበት። ጉግል ፕሌይ የአንድ ጊዜ 25 ዶላር ነው። አዲስ የግል አካውንት ከሆነ ደግሞ 12 ሞካሪዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት ሳይወጡ መቆየት አለባቸው። 12 ሰው ብቻ መዝግባችሁ አንዱ በስድስተኛው ቀን ከወጣ ቁጥሩ ጎድሎ ሙከራው ይስተጓጎላል፤ ስለዚህ 20 መዝግቡ። የሕግ ተማሪዎቹን አታስቀሯቸው፤ የ138ቱን ጉዳይ ያገኙት እነሱ ናቸው።