ወጨጫን በቡድን መውጣት፣ ሱባ ጫካ ማደር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ነን፤ 18 እንሆናለን። በኅዳር መጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት መናገሻ ሱባ ጫካ ገብተን ለማደር፣ እሁድ ደግሞ የወጨጫን ተራራ ጫፍ ወጥተን ለመመለስ አስበናል። ከመካከላችን ተራራ ወጥተን የምናውቀው ሦስት ብቻ ነን። ሰዓቱን እንዴት እንያዘው? ቡድኑስ እንዴት ይመራ? (አስተባባሪው፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወሩን በደንብ መርጣችኋል። ጭቃው ደርቋል፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ሌሊቱ ግን ይበርዳል፤ ውርጭም ሊጥል ይችላል።

ሰዓቱን ከማታ ወደ ጠዋት እየቆጠራችሁ ሥሩት። በኅዳር መጨረሻ ፀሐይ ማታ 12 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች፤ ጥቅጥቅ ባለው ጥድና ዝግባ ሥር ግን ጨለማው ቀድሞ ይገባል። ስለዚህ 10 ሰዓት ላይ ሁሉም ሰው ካምፕ መድረስ አለበት። ቁልቁለቱ ለብዙ ሰው ቡድን ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ፣ የት ደረሳችሁም ሳይባል ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ፊታችሁን ታዞራላችሁ። አሁን መነሻውን አስሉ። ጫፉ 3,385 ሜትር ነው። ድንኳናችሁን 2,500 ሜትር አካባቢ ከተከላችሁ 900 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይጠብቃችኋል። ጤነኛ ሆኖ ተራራ ያልለመደ ሰው በሰዓት 250 ሜትር ያህል ይወጣል፤ ከነዕረፍቱ አምስት ሰዓት ያዙለት። ጠዋት 1 ሰዓት ከተነሣችሁ 6 ሰዓት ላይ ጫፍ ናችሁ፤ አንድ ሰዓት በእጃችሁ ይቀራል። የመመለሻውን ሰዓት ዓርብ ዕለት ለሁሉም ተናገሩ። 7 ሰዓት ሲሆን ጫፉ ፊት ለፊት እየታየ «ትንሽ እኮ ነው የቀረን» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ዓርብ ያልተወሰነ ነገር በዚያች ደቂቃ አይወሰንም።

ስለ አሰላለፉ፦ ዝግተኛውን ሰው ከመሪው ቀጥሎ ሁለተኛ አድርጉት። ብዙ ቡድን መጨረሻ ላይ ይተወዋል። እሱ ላብ በላብ ሆኖ ሲደርስ ሌሎቹ አርፈው ይነሣሉ፤ ዕረፍት የሚያስፈልገው ሰው ሳያርፍ ይውላል፤ በሦስተኛው ሰዓት ጉልበቱ ያልቃል። ከፊት ከሆነ ቡድኑ ሁሉ በእሱ እርምጃ ይሄዳል። ፈጣኖቹ ከተሰላቹ የመድኃኒት ሳጥኑንና ትርፍ ውሃውን ይሸከሙ። ከሦስቱ ልምድ ካላችሁ ሰዎች አንዱ መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ከእሱ ኋላ ማንም አይቅር፣ ለሽንት የወጣም ቢሆን።

መንገድ በተከፈለ ቁጥር መጨረሻው ሰው እስኪደርስ ቁሙ። ይህ በተለይ ለመመለሻው ጉዞ ነው። ስትወጡ የከብትና የእንጨት ለቃሚ መንገዶች እየተገናኙ ወደ ላይ ያደርሷችኋል፤ ስትወርዱ ግን እነዚያው መንገዶች ይበታተናሉ። ፈጠን ብሎ የወረደ ሰው ሳያውቀው ሌላ ሸለቆ ይገባል። ለእያንዳንዱ ሰው ፊሽካ ስጡ፤ ሦስት ጊዜ ሲነፋ «ቁሙ፣ እርዳታ እፈልጋለሁ» ማለት ይሁን። ካርታውን ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ አድርጋችሁ በሦስት ስልክ ጫኑ፤ አንዱ ስልክ ጠፍቶ ኪስ ውስጥ ይቆይ።

ጫካው በኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ሥር ነው። ቀደም ብላችሁ ደውላችሁ ማደር መፈቀዱን፣ ድንኳን የሚተከልበትን ቦታና የአካባቢ መሪ መኖሩን ጠይቁ። ለ18 ሰው ሁለት መሪ ይሻላል። የአካባቢውን ጸጥታ ደግሞ በዚያው በምትሄዱበት ሳምንት ከአስተዳደሩ አጣሩ፤ የወር በፊት ወሬ አይበቃም።

ጥያቄ፦ እኔ የዚሁ ቡድን ምግብ ኃላፊ ነኝ። ጊዜው ጾም ነው፤ ሙስሊሞችም አሉን። ውሃስ ስንት እንያዝ? እሳት ማንደድ ይቻላል?

መልስ፦ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ሁሉንም ምግብ የጾም አድርጉት። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ መለየት፣ ድስትና ጭልፋ መጠበቅ ይቀርላችኋል። የምትወጡት እሁድ መሆኑም ጥሩ ነው፤ በሰንበት ሰዓት ስለማይጾም ጿሚውም ጠዋት በልቶ ይነሣል። ባዶ ሆድ 900 ሜትር አይወጣም።

ለእራት ሽሮ ይሻላል። በ2,500 ሜትር ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላና ድፍን ምስር ቶሎ አይበስልም፤ ጋዝ ይጨርሳል። ለአንድ ሰው 70 ግራም የሽሮ ዱቄት፣ ለ18 ሰው አንድ ኪሎ ከሩብ፤ እንጀራ 40። ጠዋት ድፎ ዳቦና ሻይ። ለመንገዱ ለእያንዳንዱ 100 ግራም በሶ፣ ሁለት እፍኝ ቆሎ ከለውዝ ጋር፣ ጥቂት ቴምር። በሶውን ጠዋት በማር በጥብጡት። ሰው ሲደክመው መብላት ያስጠላዋል፤ የሚጠጣ ነገር ግን እሺ ይላል። ስለዚህ ሳይርባቸው በየሰዓቱ አቅምሷቸው።

ውሃ፦ ለመንገዱ በሰው 3 ሊትር፣ ከቅዳሜ ከሰዓት ጀምሮ ለማብሰያ፣ ለመጠጥና ለመታጠቢያ ሌላ 3 ሊትር። በድምሩ 108 ሊትር ነው፤ ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በመኪና ይግባ። ከጅረት ከቀዳችሁ፣ በዚያ ከፍታ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ከላይ ከብት ይውላልና ውሃው ጥርት ማለቱ አያታልላችሁ።

እሳት አታንድዱ፤ በቡታጋዝ አብስሉ። በበጋ የጥዱ ቅርፊትና የወደቀው ቅጠል እንደ ክብሪት ነው፤ ከላይ ያለው አስታ የሚባለው ቁጥቋጦም እርጥብ መስሎ ይነዳል። በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው አስተከሉት የሚባልለት ጫካ ነው፤ ለአንድ ምሽት ጨዋታ ሲባል ለአደጋ መጋለጥ የለበትም።

ከሁሉ በላይ አደራ የምንለው ግን ስለ ከሰል ነው። ከሰል በምንም ምክንያት ድንኳን ውስጥ አይግባ። አመድ ለብሶ የጠፋ የሚመስለውም ቢሆን ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። የድንኳኑን ዚፕ ትንሽ መክፈት አያድንም። ብርዱ የሚገባው ከመሬት ስለሆነ ከሥር ስፖንጅ ፍራሽ አንጥፉ፤ ከላይ ከሚደረበው ሁለተኛ ብርድ ልብስ ይበልጣል። የፈላ ውሃ በብረት ኮዳ ሞልታችሁ በካልሲ ጠቅልላችሁ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ክተቱ። የሃይላንድ ፕላስቲክ ለፈላ ውሃ አይሆንም፤ ተኮማትሮ ያፈሳል። ላብ የጠጣ የጥጥ ልብስ ሳይቀየር አይተኛበት፤ ጂንስም ከረጠበ አይደርቅምና ይቅር። ሱሪው ግን ረጅም ይሁን፤ ሳማ አለ።

የተረፈ ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ፤ መኪና ውስጥ ቆልፉት። ሌሊት ጅብ፣ ቀን ዝንጀሮ ይመጣበታል። መጸዳጃውን ከውሃ 60 ሜትር አርቃችሁ፣ አንድ ስንዝር ቆፍራችሁ፣ በአፈር ድፈኑት።

ጥያቄ፦ ለገና ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እመጣለሁ። ሐሙስ ገብቼ ቅዳሜ ከዘመዶቼ ጋር ወጨጫ ልውጣ? (እናት፣ 52 ዓመት)

መልስ፦ እባክዎ ጥቂት ቀን ይቆዩ። ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ከማይል አገር መጥተው አዲስ አበባ ላይ ብቻ ከ2,300 ሜትር በላይ ነዎት። ቢያንስ ሦስት ሌሊት ከተማ ይደሩ፤ በእነዚያ ቀናት መጠጥ አይቅመሱ። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ከዚያ በላይ አይውጡ። ተቀምጠው ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ሲራመዱ እንደ ሰካራም ከተንገዳገዱ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ይውረዱ። የደም ግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከጉዞው በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።

ጥያቄ፦ ቁልቁለት ላይ የአንዱ እግር ወለም ቢል ምን እናድርግ?

መልስ፦ አትሹት፣ አትጎትቱት፤ ማሸት እብጠቱን ያብሰዋል። ጫማውን አላልታችሁ በፋሻ ጠቅልሉ፣ እግሩን ከፍ አድርጉ። ከ15 ደቂቃ በኋላ አስነሡት። አራት እርምጃ መራመድ ከቻለ ሁለት ዱላ ይዞ ቀስ ብሎ ይውረድ፤ ሸክሙን ሌላ ሰው ይያዝ። አራት እርምጃ ካቃተው ስብራት ነው ብላችሁ ያዙት። መሪውና አንድ ፈጣን ሰው ለእርዳታ ይውረዱ፤ ሁለት ሰው አብሮት ይቅር፣ ጃኬትና ስፖንጅ ከሥሩ ይነጠፍለት። የቀሩት ከሁለተኛው መሪ ጋር በአንድነት ወደ ካምፕ ይሂዱ። አንድ መኪናም ፊቱን ወደ መውጫው አዙሮ፣ ሹፌሩ ሳይርቅ፣ ቀኑን ሙሉ ካምፕ ይጠብቅ።