ሦስት ወር ሆነኝ፣ ሻንጣዬን ግን አልፈታሁም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ይህን አምድ ከእናቴ ጋር ነበር የምናነበው። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ አርባ ምንጭ ደረሰኝ። ከገባሁ ሦስት ወር ሆነኝ። ዶርም ውስጥ ስድስት ነን። ሁለቱ በወላይትኛ፣ ሁለቱ በኦሮምኛ እያወሩ ሲስቁ እኔን የሚያሙኝ ይመስለኛል። ሙቀቱ ራሴን ያመኛል፣ ከምሳ በኋላ ደብተር ስይዝ እንቅልፍ ይጥለኛል። ሃይስኩል አንደኛ ነበርኩ፣ እዚህ የሒሳብ ሚድ ከ30 ያገኘሁት 11 ነው። ለእናቴ በቀን ሦስት ጊዜ እደውላለሁ፣ ስዘጋው አለቅሳለሁ። ሻንጣዬን እንኳ አልፈታሁትም፣ ልብሴን ከውስጡ እየመዘዝኩ ነው የምለብሰው። ለማንም ሳልናገር አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቼ ወደ አገሬ ልሳፈር ነው የማስበው። ምን ይመክሩኛል?
ብርዱ የናፈቃት፣ ከአርባ ምንጭ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ የያዘኝ ሻንጣው ነው። ሦስት ወር ሙሉ ከሻንጣ እየመዘዘ የሚለብስ ሰው ገና መናኸሪያ ተቀምጦ መኪና እየጠበቀ ነው። እንደዚያ ሆኖ ሒሳብ ማጥናትም፣ ጓደኛ ማፍራትም ይከብዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ዛሬ ማታ ሻንጣውን ፍቺው። ልብስሽን ሎከር ውስጥ ደርድሪ፣ ባዶውን ሻንጣ ከአልጋ ሥር ክተቺው።

ሙቀቱን በተመለከተ ራስሽን አትውቀሽ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ነው፣ አርባ ምንጭ 1,300 ገደማ ነው። ጋቢ ተከናንቦ ያደገ ሰውነት ያን ሁሉ ወርዶ 30 ዲግሪ ውስጥ ሲገባ ቢዝል ስንፍና አይባልም። ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት ለእረፍትና ለልብስ ማጠቢያ ተዪው፣ ክላስ ከሌለሽ ማለቴ ነው። ጥናቱን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተሽ ሞክሪው፣ አየሩም ቀዝቀዝ ይላል፣ ዶርሙም ጸጥ ይላል። ውሃ ከእጅሽ አይለይ።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። ራሴን ያመኛል ብለሻል። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበት ሙቀቱ ነው ብለሽ እንዳትተኚ። አርባ ምንጭ ወባ ያለበት አገር ነው፣ ደጋ ያደገ ሰው ደግሞ ወባን የለመደ ሰውነት ስለሌለው ሲይዘው ይበረታበታል። በዚያው ቀን ክሊኒክ ሄደሽ ደምሽን ተመርመሪ። መድኃኒት ከታዘዘልሽ ቶሎ ተሻለኝ ብለሽ አታቋርጪው። አጎበር ከሌለሽ ከምንም ነገር በፊት እሱን ግዢ።

ወደ ዶርም ልጆቹ ልምጣ። እኔም ከጎንደር ተነሥቼ ሐዋሳ ስገባ እንዳንቺ ነበርኩ። ከጎኔ የምትተኛው ልጅ ማታ ማታ በሲዳምኛ ስልክ እያወራች ስትስቅ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ነበር። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ምን እንደሚያስቃት ጠየቅኳት። ትንሹ ወንድሟ አፉን እየፈታ ነበር፣ የእሷን ስም አበላሽቶ ሲጠራ ነው የምትስቀው። በማግስቱ ስልኩን ለእኔም ሰጠችኝ። ስለዚህ ጠይቂያቸው። ‹‹ስትስቁ እኔም መሳቅ አማረኝ፣ ንገሩኝ›› በያቸው። ጠዋት ስትነሡ ወላይታዎቹን ‹‹ሳሮ››፣ ኦሮሞዎቹን ‹‹አካም ጅርቱ›› በያቸው። ይህን ብቻ አድርጊና ፊታቸውን እዪ። እነሱም እኮ ከቤታቸው ርቀው ነው ያሉት፣ የእናታቸውን ቋንቋ የሚያወሩት ስለናፈቃቸው ይሆናል።

ከግቢ ውጪስ? ስለ ከተማው አንድም ነገር አልጻፍሽልኝም፣ ስለዚህ ከዶርም፣ ከክላስና ከካፌ አታልፊም ብዬ ገምቻለሁ። ቅዳሜ አንዷን ልጅ ይዘሽ ሲቀላ ገበያ ውረጂ። ሴቻ ወጥተሽ አባያንና ጫሞን ከላይ ሆነሽ እያቸው። ብርዱ በጣም ከናፈቀሽ ደግሞ የጨንቻን መንገድ ያዢ፣ ዶርዜ ቅርብ ነው። እዚያ ጭጋግ አለ፣ ብርድ አለ፣ ከቀርከሃ የተሠሩ ረጃጅም ቤቶች አሉ፣ ጓሮው እንሰት ነው፣ እናቶች ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ሽሮ ሜዳ ነጠላና ቀሚስ ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከእነዚህ ተራሮች የመጡ ናቸው። እናትሽ ለበዓል የምትለብሰውን ቀሚስ አስቢው፣ ጥበቡ ከዚያ ሰፈር ሰው እጅ የወጣ ሊሆን ይችላል። ያን ቀን ለእናትሽ ስትደውዪ የምትነግሪያት ነገር ይኖርሻል።

ስለ ስልኩ ካነሣን፣ ሦስቱን ወደ አንድ አውርጂው። ማታ፣ የታወቀ ሰዓት ይሁን። አሁን እንደማየው የምትደውዪው ለማልቀስ ነው፣ ከዚያ እሷም እንቅልፍ አይወስዳትም። እውነቱን ግን አትደብቂያት። ‹‹ከብዶኛል እማዬ፣ ግን እየሞከርኩ ነው›› ብትያት ትችለዋለች።

አሁን ሚዱ። አንደኛ ነበርኩ ብለሻል። ልጄ፣ አጠገብሽ የተቀመጡት ልጆች ብዙዎቹ አንደኛ ነበሩ። ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ሁሉ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። አገር ሙሉ ተበጥሮ የቀረው እዚያ ክላስ ውስጥ ተቀምጧል፣ አንቺም ከእነሱ መሀል ነሽ። 11 ያስደነግጣል፣ ግን ገና 70 ይቀርሻል። የፈተና ወረቀትሽን ይዘሽ መምህሩ ቢሮ ሂጂና የት የት እንደሳትሽ ጠይቂ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለሴት ተማሪዎች ቱቶሪያል ያዘጋጃሉ፣ የሥርዓተ ፆታ ቢሮውን ጠይቂ። ብቻሽን ከመቸከል ደግሞ ከሁለት ሦስት ልጅ ጋር አጥኚ። ግቢ ጉባኤውም፣ ፌሎሺፑም፣ ጀመዓውም ውስጥ አንጋፋ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን በደስታ ነው የሚያስጠኑት።

ልሳፈር ያልሽውን አትወስኚው፣ ቢያንስ ፋይናል እስክትጨርሺ። ከዚያም በኋላ መሄዱ ግድ ከሆነብሽ ሬጅስትራር ሄደሽ ዊዝድሮዋል፣ ማለትም የማቋረጫ ፎርም፣ ሞልተሽ ውጪ። ዝም ብሎ ጥሎ የሄደ ተማሪ ልመለስ ሲል በሩ ሊዘጋበት ይችላል፣ ፎርም የሞላው ግን የሚመለስበት መንገድ አለው። ለቅሶው ካላቆመ፣ ምግብና እንቅልፍ እንቢ ካለሽ ወይም መኖር ካስጠላሽ ግን አንድ ቀን እንኳ አትጠብቂ፣ የግቢውን የምክር አገልግሎት ወይም ክሊኒክ ሄደሽ አናግሪ፣ ለእናትሽም ንገሪያት።

ከወር በኋላ ጻፊልኝ። ዶርዜ ወጥተሽ ከሆነ እሱን መጀመሪያ ንገሪኝ።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ከድሬዳዋ ነኝ፣ ጅማ ተመድቤ በሚቀጥለው ሳምንት እገባለሁ። ምን ልያዝ?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ውጤትህን፣ ከ9 እስከ 12 ያለውን ትራንስክሪፕት ዋናውንም ኮፒውንም፣ ጉርድ ፎቶ ደግሞ በርከት አድርገህ ያዝ። ሰነዶቹን ሻንጣ ውስጥ አትክተታቸው፣ ከጉያህ አይለዩ። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ጨርቅ፣ ለሎከር ጥሩ ቁልፍ ያስፈልግሃል። ባልዲ እዚያው ትገዛለህ። ጅማ የድሬዳዋ ሰው ከሚገምተው በላይ ዝናብ አለ፣ ስለዚህ ጃንጥላና ጭቃ የሚችል ጫማ አትርሳ። ቡና ግን ከቤት አትሸከም።