የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የኮምፒውተርን ውስጥ ማስዋብ

ጥያቄ፦ የዴስክቶፕ ኮምፒውተሬን ገመዶች፣ ማራገቢያዎችና መብራቶች ራሴ መቀየር እፈልጋለሁ፤ ጀማሪ ስለሆንኩ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ከሶኬት ከነቀሉ በኋላ ይጀምሩ። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በመብራቱ ላይ ነው፤ ባለ 3 ፒኑ (ፒን ማለት የመሰኪያው ቀጭን የብረት እግር ነው) መብራት በአብዛኛው በ5 ቮልት፣ ባለ 4 ፒኑ ደግሞ በ12 ቮልት ስለሚሠራ፣ የ5 ቮልቱን በ12 ቮልቱ መሰኪያ ላይ በግድ መሰካት መብራቱን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ስለዚህ የማዘርቦርዱን (ክፍሎቹ ሁሉ የሚገናኙበትን ዋና ሰሌዳ) መመሪያ አስቀድመው ያንብቡ። የፊት ማራገቢያዎች አየር ያስገቡ፣ የኋላውና የላዩ ያስወጡ። ገመዱን በተመለከተ፣ የሌላ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ገመድ ጫፉ ቢገጥም እንኳ የሽቦዎቹ አደራደር ሊለያይና ዕቃ ሊያበላሽ ስለሚችል፣ በነባሩ ገመድ ላይ የሚቀጠል ባለቀለም ማራዘሚያ ቢጠቀሙ እመርጣለሁ፤ በእኔ ዓይን ውበቱም አያንስም።