ቡናዬ ሦስት ጊዜ አበበ፣ ፍሬውም ተበሳ፤ ልንቀለው?

ጥያቄ፦ የምኖረው በጅማ ዞን ጎማ ወረዳ ነው። የቡና ማሳዬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጥር ላይ ያልታሰበ ዝናብ ጣለና ቡናው አበበ። የካቲት መጨረሻ ደገመ፤ ሚያዝያ ላይ ሠለሰ። አሁን ኅዳር ነው፤ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀይም፣ አረንጓዴም፣ የደረቀም ፍሬ አለ። ብዙው ጫፉ ላይ ተበስቷል። በአባቴ ጊዜ ይህ ተባይ የቆላ ነው ይባል ነበር። ጎረቤቶቼ ቡናቸውን ነቅለው ጫት እየተከሉ ነው። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ዋንዛዎቹን ለጣውላ ቆርጫለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክዎ አይንቀሉት። ቡና አንዴ ከተነቀለ፣ ቢጸጸቱና መልሰው ቢተክሉ እንኳ ፍሬ እስኪያዩ ሦስት አራት ዓመት ይጠብቃሉ።

መጀመሪያ ተባዩን እንለየው። የተበሳ ፍሬ ይያዙና እምብርቱን ይዩት። በመርፌ የተወጋ የመሰለ ቀዳዳ ካለ፣ በዙሪያውም ዱቄት መሳይ ነገር ከታየ፣ ፍሬውን በምላጭ ለሁለት ይሰንጥቁት። ውስጡ ሁለት ሚሊ ሜትር የማትሞላ ጥቁር ጥንዚዛ ወይም እግር የሌላቸው ነጫጭ ትሎች ካገኙ፣ የቡና ፍሬ ቦርቧሪ ነው።

አባትዎ ልክ ነበሩ። ይህ ተባይ ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሆነ ብርድ አይራባም። ሲሞቀው ግን በአንድ ወር አካባቢ አዲስ ትውልድ ያወጣል። የአገራችን አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ 1.3 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። 100 ሜትር ሽቅብ ሲወጡ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ እንደሚቀንስ ካሰብን፣ ማሳዎ ከቦታው ሳይነቃነቅ 200 ሜትር ያህል ወደ ቆላው ወርዷል ማለት ነው። ቡናው ራሱ የሚመቸው ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ያለው አየር ነው።

የአበባው ጉዳይም ከተባዩ የተለየ አይደለም። የቡና እምቡጥ በጋውን ተኝቶ ይከርምና ጥሩ ዝናብ ሲያገኝ ይነቃል፤ በሳምንት፣ በዐሥር ቀን ያብባል። በጋው ደረቅ ሆኖ ሲያልፍ ሁሉም በአንድ ላይ ይነቃል። ዝናቡ ሲቆራረጥ ግን እምቡጡ በየተራ ያብባል፤ ፍሬውም በየተራ ይደርሳል። ጥንዚዛዋ ደግሞ የምትወደው ከሦስት ወር በላይ የሆነውን፣ ጠንከር ያለ ፍሬ ነው። ስለዚህ ለወራት ሳይቋረጥ ምግብ ታገኛለች። ለቀማው ሲያልቅም ዛፍ ላይ በቀረውና መሬት ላይ በወደቀው ፍሬ ውስጥ ተጠልላ ክረምቱን ትጠብቃለች።

የምንይዛት እዚያ ላይ ነው። ቀይ እሸቱን በየሁለት ሳምንቱ ይልቀሙ። መጨረሻ ላይ ቃርሚያ ያውጡ፤ ዛፉ ላይ አረንጓዴም ደረቅም አንድ ፍሬ እንዳይቀር፣ ከሥር የወደቀውም እንዳይረሳ። አድካሚ ነው፤ ቤተሰብ ሁሉ ይወጣል። ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት ግን የለም። የተበሳውን የፈላ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ይዝፈቁት፣ ወይም ግማሽ ሜትር ቆፍረው ይቅበሩት። በርጭት ገንዘብዎን አያባክኑ፤ ጥንዚዛዋ ፍሬው ውስጥ ስለሆነች መርዙ አይደርሳትም። ቡናውም በደንብ ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ ከገባ እዚያው መራባቷን ትቀጥላለች።

የዋንዛዎቹ መቆረጥ ግን በጣም ያሳስበኛል። ቡና የጫካ ልጅ ነው፤ የተፈጠረው በእኛው ደቡብ ምዕራብ ደን፣ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ነው። ጥላ ሲያጣ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ አፈሩ ይደርቃል፣ ፍሬው ሳይሞላ ቶሎ ይቀላል። ለሚቀጥለው ክረምት ዋንዛ፣ ሰሳና ብርብራ ችግኝ ያዘጋጁ። እስኪያድጉ ድረስ እንሰት ወይም ሙዝ በመካከል ቢያስገቡ ይረዳል። ባሕር ዛፍ ግን አይሞከርም፤ ውኃውን ይሻማዋል። ጥላውም ልክ አለው፤ ከማሳው ግማሽ በላይ ከሸፈነ እርጥበቱ ይታፈንና ሌላ በሽታ ይጋብዛል። የቡናውን ሥር በሣርና በቅጠል ይጎዝጉዙት። ያረጁትን የቡና ዛፎች በየዓመቱ በከፊል እየጎነደሉ ያድሷቸው፤ ሁሉንም በአንድ ዓመት ከጎነደሉ ግን ገቢዎ ይቋረጣል።

ጫት ቶሎ ገንዘብ ያመጣል፤ አልክድም። ነገር ግን ለጫት ሲባል የጥላው ዛፍ ይቆረጣል፣ አካባቢውም ይበልጥ ይሞቃል። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ምንም እርምጃ ካልተወሰደ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬታችን ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለቡና ላይመች ይችላል። ደኑን ጠብቀን ቡናን ወደ ከፍታው ከወሰድነው ግን ተስማሚው መሬት እንዲያውም ሊሰፋ እንደሚችል ይኸው ጥናት ያሳያል። እርስዎ ማሳዎን ተሸክመው ሽቅብ መውጣት አይችሉም። ጥላውን መመለስ ግን ይችላሉ።

ጎረቤቶችዎንም ያነጋግሩ። አንዱ ጫት ተክሎ በጥግ የተወው ሳይለቀም የቀረ ቡና ለመንደሩ ሁሉ የጥንዚዛ መፈልፈያ ይሆናል። ቃርሚያውን በአንድ ሳምንት፣ በደቦ ብታወጡት ጥሩ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ደግሞ ከተለያዩ ዛፎች 100 አረንጓዴ ፍሬ እያዩ ይቁጠሩ። ከአምስት በላይ ተበስቶ ካገኙ ሳይውሉ ሳያድሩ ለቀበሌዎ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይንገሩ፤ ፍሬውንም ይዘው ይሂዱ።