ለ4ኤል60ኢ ካምቢዮ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ይህን አንብብ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። 2002 ሲልቨራዶ፣ 5.3 ሞተር፣ 4ኤል60ኢ አውቶማቲክ ካምቢዮ። ተጎታች ትጎትታለህ። ሦስተኛና አራተኛ ማርሽ ጠፍቶብሃል። ካምቢዮው ሊወርድና ሊታደስ ነው፤ አንተ ደግሞ «በዚያው እንዲጠነክር የትኞቹን ዕቃዎች ልግዛ?» ብለሃል። የእኔም ፒክአፕ ያው ነው። ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ በሽታውም አንድ። እኔ ዴንቨር ነው ያለሁት። ከጨረታ መኪና እየገዛሁ በተጎታች አመላልሳለሁ፤ መንገዴም ብዙ ጊዜ በአይዘንሃወር ዋሻ በኩል ነው። ቦታው ከባሕር ወለል 3,400 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ዳገት ላይ ከኋላህ መኪና ጭነህ ስትወጣ የካምቢዮህ ጉድ ሁሉ ይወጣል።

ስለ ዘይት ማየትና ስለ ፊልትሮ አላወራም፤ እሱን ታውቀዋለህ። በቀጥታ ወደ ቁም ነገሩ።

1. ፍሪሲዮን (ተጨምቀው ማርሹን የሚይዙትን ሳህኖች) ለመግዛት አትቸኩል። ሦስተኛና አራተኛ ጠፍቶ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሬትሮ የሚሠሩ ከሆነ የተቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ የ3-4 ፍሪሲዮን ነው። ኮፓውን ስታወርድ ጥቁር ዝቃጭና የአረረ ሽታ ይቀበልሃል። (ሁለተኛ፣ አራተኛና ሬትሮ ቢሆን ኖሮ የጠፉት፣ የተሰበረው ሰን ሼሉ፣ ማለትም ኃይልን ወደ መካከለኛው ጥርስ የሚያደርሰው የብረት ቆብ፣ ነው እልህ ነበር።) «የማርሽ መምረጫውን ከኦቨርድራይቭ (ከአራተኛ) ወደ 3 አውርጄ እየነዳሁ ነው፣ እስከዚያ ያቆየኛል» ያልከውን ግን ዛሬውኑ አቁም። በሦስተኛም በአራተኛም የሚይዘው ያው አንዱ ፍሪሲዮን ነው። ምንም እያዳንከው አይደለም፤ የቀረውን እየፈጨኸው ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ፍሪሲዮኑ የተቃጠለው ደካማ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ጨምቆ የሚይዘው የዘይት ግፊት አንድ ቦታ ላይ እየተሰረቀ ነበር። ሌባውን ሳትይዝ በዓለም ላይ አለ የተባለውን ጠንካራ ፍሪሲዮን ብታስገባ፣ እሱም ያራል። ይህን የምልህ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ ከፍዬበት ነው።

2. ጋራዥ የምትሰጠው ከሆነ የሚሠሩትን እያንዳንዱን ነገር አስጽፍ። እኔ የሰጠሁት ጋራዥ ግድግዳው ላይ በትልቁ «የ12 ወር ዋስትና» የሚል ለጥፎ ነበር። ስገባ በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ። ተጎታች እጎትታለሁ፣ ዳገት እወጣለሁ፣ አጠንክሩልኝ ብያለሁ። «ሄቪ ዱቲ ፍሪሲዮን እናስገባልሃለን» ብለው ተጨማሪ ገንዘብም ተቀብለውኛል። መኪናው ሲወጣ ጥሩ ነበር። ማርሽ ሲቀይር ጥብቅ ይላል፤ ደስ አለኝ። ብዙ ሳይቆይ ዋሻው አካባቢ ዳገቱ መሐል የሞተሩ ዙር በአንዴ ወደ ላይ ተተኮሰ፤ መኪናው ግን አልጎተተም። ያ ሽታ መጣ። አደጋ መብራት አብርቼ ዳር ያዝኩ።

በተጎታች አስጭኜ ጋራዡ ወሰድኩት። ጠረጴዛው ጋ ያለው ሰውዬ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ «ትጎትትበታለህ?» አለኝ። አዎ፣ ስሰጣችሁም ነግሬያችኋለሁ አልኩ። «ዋስትናው ተጎታች አይሸፍንም» አለና ወረቀቱ ጀርባ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ በእስክሪብቶው አሳየኝ። አጠንክሩልኝ ያልኳችሁ እኮ ለተጎታች ነው፣ ተጨማሪ የከፈልኩትስ ለምንድነው ስለው፣ «የምትለው አይገባኝም» ይለኛል። እንግሊዝኛዬ ገንዘብ ስከፍል ገብቶት ነበር! የወጡትን አሮጌ ዕቃዎች አሳዩኝ ስላቸው ተጥለዋል አሉ። ደሜ ፈላ፤ ግን የያዝኩት ወረቀት አልነበረም፣ የያዝኩት ቃል ብቻ ነበር። አንተ ግን «ለተጎታች አገልግሎት» የሚለው ቃል ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፣ የሚወጡት ዕቃዎች በሙሉ በካርቶን ይመለሱልኝ በል። እምቢ ካሉ ቁልፍህን ይዘህ ውጣ።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ የአገራችን ሰው ያገኘሁት። እዚህ ካምቢዮ ቤት ለዓመታት ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ እጁ ወርቅ የሆነ ጋሼ። ቤቴ ጋራዥ ውስጥ አውርደን በተንነው። ፍሪሲዮኖቹ አዲስ ናቸው፤ ግን ጠርዛቸው ከስሏል፣ በመካከላቸው ያሉት ብረቶች ሰማያዊ ሆነዋል። ጋሼ እነሱን ለአፍታ አይቶ ወደ ጎን አስቀመጠና ባዶውን ካሳ (የካምቢዮውን የውጭ አካል) አጋደመው። የሰርቮው (የሁለተኛ ማርሽን ባንድ፣ ማለትም መያዣ ቀበቶውን፣ የሚገፋው ፒስተን) ማደሪያ ውስጥ ባለችው ቀዳዳ የማጽጃ ፈሳሽ አፈሰሰባትና «ውስጡን እይ» አለኝ። ባትሪ ይዤ አየሁ። በካሳው የውስጥ ግድግዳ ላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። እዚያ ውስጥ የብረት ኳስ የያዘች ትንሽ የዘይት መዝጊያ አለች። ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ ኳሷ ቀዳዳውን ድፍን ማድረግ አለባት። ካልደፈነች የ3-4 ፍሪሲዮን ግፊት በዚያ ይፈሳል። ዋጋዋ የአንድ ምሳ ገንዘብ አይሞላም። ጋራዡ አልነካትም። የእኔን ካምቢዮ ሁለተኛ ጊዜ የገደለችው እሷ ናት።

ስለዚህ የግዢ ዝርዝርህ ከእሷ ይጀምር። ቀጥሎ ቫልቭ ቦዲው፣ ማለትም የዘይት ግፊቱን ወደየማርሹ የሚያከፋፍለው ክፍል። የመኪናህ ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ አስነብቦ ከሆነና ፒ1870 ካለ፣ እሱ የኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) መቆለፊያ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። የሚቆጣጠረው ባልቦላ (ዘይት የሚያሳልፍና የሚዘጋ ቁራጭ) ያለማቋረጥ ወዲያ ወዲህ ስለሚል የተቀመጠበትን አሉሚኒየም ይበላዋል። ኮምፒውተሩ መንሸራተቱን ሲያይ ግፊቱን ጫፍ ያደርሰዋል፤ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲገባ መኪናው የሚደነብረው ለዚህ ነው። ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ የዘይት መክፈቻ) በመቀየር አይድንም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ገንዘቡን ይጨርሳል። ወይ ቀዳዳው በልዩ መሣሪያ ሰፍቶ የሶናክስ ኩባንያ ትልቁ ባልቦላ ይገባለታል፣ ወይ ይህ ሁሉ የተሠራለት ቫልቭ ቦዲ ትገዛለህ። እኔ የተሠራውን ገዛሁ። መሣሪያው ለአንድ ካምቢዮ ብለህ የሚገዛ አይደለም። ስትገዛ ለሶሌኖይዶቹ ግፊት የሚመጥነው ባልቦላም መታደሱን ጠይቅ፤ እሱም ሲበላ የመላው ካምቢዮ ግፊት ይወርዳል።

ፖምፓው (የዘይት ግፊቱን የሚያመነጨው) ውስጥ የቡስት ባልቦላዋን፣ ግፊቱን ከፍ የምታደርገውን፣ ከነማደሪያዋ ቀይር። ቀለበቶቹንና ክንፎቹን በጠንካራዎቹ ተካ።

አሁን ፍሪሲዮን። የ3-4 ፍሪሲዮን ስትመርጥ «ስምንት ነው፣ ዘጠኝ ነው» በሚለው አትወሰድ። ፍሪሲዮኖቹ የሚደረደሩበት ከበሮ ውስጥ ያለው ቦታ ያው ነው። የፍሪሲዮኑ ቁጥር ሲጨምር በመካከል ያሉት ብረቶች ይሳሳሉ፤ ስስ ብረት ደግሞ ሙቀት ቶሎ ይሞላበታል። ለአጭር ሩጫ ለሚፈልገው ሰው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ረጅም ዳገት ለሚጎትት ሰው እኔ ጥሩ ጥራት ያለው ቦርግ ዋርነር ወይም ሬይቤስቶስ ከወፍራም ብረት ጋር እመርጣለሁ። ክፍተቱን ሳትለካ እንዳትዘጋው፤ ከ30 እስከ 45 ሺህኛ ኢንች አካባቢ ይሁን።

ሰን ሼሉን፣ የአንተ ደህና ቢመስልም፣ ቀይር። ፋብሪካው ያስገባው አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል፣ ጥርሱም ይላጫል። የ4ኤል60ኢ የታወቀ ሕመም ነው። የጠነከረው ዋጋው አይጎዳም፤ ካምቢዮው ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ እያለ አሮጌውን መልሶ ማስገባት ግን ኃጢአት ነው። ለሁለተኛ ማርሽ የኮርቬቱን ሰርቮ አስገባ። ከፋብሪካው ሰፋ ያለ ስለሆነ ባንዱን አጥብቆ ይይዛል። ባንዱንም አዲስ አድርገው። ባለ አምስት ፒንየን ፕላኔተሪ (አምስት ትናንሽ ጥርሶች ያሉት የማርሽ ስብስብ) የሚሉህን ለጊዜው እለፋቸው፤ ሞተርህ ያልተነካ 5.3 ከሆነ ያንን ገንዘብ ለማቀዝቀዣው አውለው።

ማቀዝቀዣውን እባክህ አትናቀው። ካምቢዮ ሲቃጠል ፍርፋሪው የሚሄደው ወደ ማቀዝቀዣው ነው። ጋራዡ አጥቤዋለሁ ብሎ ደረሰኝ ላይ አስከፍሎኝ ነበር። እኛ ስንፈታው በነጭ ጨርቅ ላይ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ብናኝ ወጣ። እንዲያ ያለ ቆሻሻ አዲሱ ካምቢዮ ውስጥ ሲገባ ባልቦላዎቹን ነው የሚያጣብቃቸው። በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈውን መስመር በደንብ እጠበው። ከፊት ለብቻው የተንጠለጠለውን ግን አትጠበው፤ ጣለውና በሳህን ሳህን የተደራረበ ትልቅ አዲስ ግዛ። መመለሻ መስመሩ ላይ ማግኔት ያለው ፊልትሮ አስገባ። ሁሉን ገጥመህ ሞተሩን ስታስነሳ መመለሻውን ቱቦ ዕቃ ውስጥ አድርገህ ለካው፤ በ20 ሴኮንድ ውስጥ ቢያንስ አንድ ኳርት ካልሰጠህ አንድ ቦታ ታፍኗል፣ አትንዳው። የሙቀት ጌጅም ግጠም። የእኔ አሁን መኪና ጭኜ ዋሻውን ስወጣ 200 ፋራናይት አካባቢ ነው የሚቆመው።

ኮንቨርተር አዲስ ይሁን። አሮጌው ውስጥ ያለው ቆሻሻ ታጥቦ አይወጣም። ስታዝ ዓመቱንና ሞተሩን ጥቀስ፤ እስከ 1997 ለነበሩት የተሠራው ለአንተ 5.3 አይገጥምም። ስታስገባው እያዞርክ ገፋ አድርገው፤ ደረጃ በደረጃ «ኳ» እያለ መግባት አለበት። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር በእጅ ግፊት ገጥሞ፣ ኮንቨርተሩና ፍላይዊሉ መካከል ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ክፍተት ካልቀረ አልገባም ማለት ነው። በቦሎን እየሳብክ እንዳታቀራርበው፤ ፖምፓው ይሰበራል።

4ኤል80ኢ ልቀይርስ ብለህ ነበር። ያ ካምቢዮ ከእኛው በጣም ይጠነክራል፣ አልክድም። ግን የካርዳን ሥራ አለው፣ የካምቢዮ መያዣው ይቀየራል፣ ኮምፒውተሩም እንደገና ይጻፋል። ቀላል ተጎታች ለምትጎትት ለአንተ አያስፈልግም። በየቀኑ ከባድ ጭነት ከሆነ ግን ከአሁኑ አስብበት።

እኔና ጋሼ የሠራነው ካምቢዮ ይኸው ክረምት ከበጋ ዳገቱን እየወጣ ነው። ዘይቱን ስቀይር ኮፓው ማግኔት ላይ የማገኘው ስስ ግራጫ ዱቄት ብቻ ነው። አፌን ሞልቼ የምናገረውም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ላክልኝ። ኮፓውን ስታወርድ የማግኔቱን ፎቶ አንሳና ከኮዱ ጋር እዚሁ ለጥፍ። ዝቃጩ ጥቁር ብቻ ከሆነ ዝርዝሩ ከላይ ያልኩህ ነው። የነሐስ ቀለም ወይም በጣት የሚያዝ የብረት ቁራጭ ካለ ግን ምንም ዕቃ እንዳታዝ፤ ፎቶውን ለጋሼ አሳይቼ የሚለውን እጽፍልሃለሁ። ዘይት ስትገዛም ዴክስሮን 6 ይሁን፤ ከአዲስ ኮንቨርተር ጋር 11 ኳርት አካባቢ ስለሚወስድ 12 ያዝ።